ከ23 ዓመት በኋላ ወደ ጊታር ልመለስ ብዬ ጣቴ እምቢ አለኝ፣ ችግሩ ጊታሩ ነው ወይስ ዕድሜዬ?

አቧራ የጠጣ ጊታር (ጠያቂ)

ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ እንደኔ በጎልማሳነት ወደ ድሮ ነገራችሁ የተመለሳችሁ ካላችሁ እስቲ አንድ በሉኝ። ዕድሜዬ 47 ነው። ከ17 እስከ 24 ዓመቴ ጊታር ከእጄ አይለይም ነበር፣ በቀን ሦስት ሰዓት ቁጭ ብዬ እለማመድ ነበር፣ ከዛ ያው ሥራ መጣ፣ ልጆች መጡ፣ ጊታሩ ቁም ሳጥን ላይ ወጣ፣ ነገ አወርደዋለሁ ነገ አወርደዋለሁ እያልኩ 23 ዓመት ሞላው።

ባለፈው ወር ቤት ሳጸዳ አወረድኩት። ክሮቹ ከመዛጋቸው የተነሳ ስነካቸው ጣቴ ቡናማ ሆነ፣ አዲስ ክር ገዝቼ ቀየርኩ፣ ስልኬ ላይ ቲዩነር ጫንኩና ቃኘሁት። የሚገርማችሁ ቀኝ እጄ ምንም አልረሳም፣ ምቱን ትናንት ካቆመበት ነው የቀጠለው። ግራ እጄ ግን አዋረደኝ። ኢ ማይነርና ጂ የሚባሉት ኮርዶች እንደምንም ይወጣሉ፣ ኤፍ ላይ ስደርስ ግን ጠቅ ጠቅ የሚል የሞተ ድምፅ ብቻ። አስር ደቂቃ ከተጫወትኩ በኋላ ዕቃ ሳጥብ ሳሙናው ጣቴን ይለበልበኛል።

በዛ ላይ በ21 ዓመቴ የቀዳሁት ካሴት አለኝ፣ ባላገኘሁት ይሻለኝ ነበር። ልጄ አብራኝ ስትሰማ «ይሄ ማነው?» አለችኝ፣ እኔ ነኝ ብላት አላመነችም።

ስለዚህ አዲስ ጊታር ልግዛ ወይስ ችግሩ የጣቴ ነው? ድሮ እንደማረገው ሦስት ሰዓት ብገፋበትስ ይመለሳል? አንዳንዴ ደግሞ ሌሊት አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ደንዝዘው ይቀሰቅሱኛል፣ እሱ እንኳን ከአተኛኘቴ ይመስለኛል።

ፒክ የጠፋበት

ወንድሜ እንኳን ተመለስክ! እኔ በ44 ዓመቴ ነው የተመለስኩት። ምክሬ አጭር ነው፣ እሱን አሮጌ ጣውላ ግድግዳ ላይ ስቀለውና ኤሌክትሪክ ጊታር ግዛ። የኤሌክትሪክ 9 ቁጥር ክር ቀጭኗ 0.23 ሚሊ ሜትር ናት፣ ገና ጣትህን ስታሳርፍባት ትጫናለች። ኤፍ ምናምን ብሎ ጭንቀት የለም፣ ማታም ሄድፎን ሰክተህ ሰው ሳትረብሽ ትጫወታለህ።

ጠጋኙ

ኧረ ቀስ፣ ሳይመረመር አይፈረድበትም። እኔ ጊታር እጠግናለሁ፣ «እጄ ሞተ» ብለው ከሚመጡልኝ የ40ና የ50 ዓመት ሰዎች ብዙዎቹ የሚያመጡት ጊታር ላይ እኔ ራሴ ኤፍ ማውጣት ያቅተኛል። ከ20 ዓመት በላይ ተወጥሮ የተቀመጠ ጊታር አንገቱ ይጎብጣል፣ ክሩ ከፍሬቱ (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) ይርቃል፣ አንተ ደግሞ ዕድሜህን ትወቅሳለህ።

መጀመሪያ ክሩ ብረት ነው ናይለን? ናይለን የሚገባበት ክላሲካል ከሆነ ብረት ክር እንዳታስርበት፣ ናይለን በጠቅላላው ወደ 40 ኪሎ ገደማ ነው የሚስበው፣ ብረቱ ከ70 ያልፋል፣ ብሪጁን (ክሮቹ ሆዱ ላይ የታሰሩበትን እንጨት) ነቅሎ ይሄዳል። ብረት ከሆነ ደግሞ የገዛኸው ፓኬት ላይ ምን ቁጥር እንዳለ እይ፣ 10፣ 11፣ 12፣ 13 ከሚሉት አንዱ ይሆናል፣ ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይወፍራል።

ቀጥለህ ቀጭን ማስመሪያ ያዝና 12ኛው ፍሬት ላይ ከብረቱ አናት እስከ ወፍራሙ ክር ሆድ ድረስ ስንት ሚሊ ሜትር እንዳለ ለካ፣ የማስመሪያው ዜሮ ከጠርዙ ካልጀመረ ትሳሳታለህ ተጠንቀቅ። ወደ 2.5 ከሆነ ጤነኛ ነው። ከዛ የመጀመሪያውን ፍሬት በግራ እጅህ፣ 14ኛውን በቀኝ ክርንህም ቢሆን ተጫንና ሰባተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በብረቱ መሃል ያለውን ክፍተት እይ። ቢዝነስ ካርድ ትንሽ እየነካ የሚያልፍ ከሆነ ልክ ነው። ሁለት ሦስት ካርድ ተደራርቦ ከገባ አንገቱ ጎብጧል። በመጨረሻ ቀጭን ወረቀት ከብሪጁ ጀርባ ስር ለማስገባት ሞክር፣ ከገባ ብሪጁ እየተነሳ ስለሆነ ክሩን አላልተህ ወደ ባለሙያ ውሰደው፣ ራስህ ሙጫ እንዳትጨምርበት አደራ። ውጤቱን ጻፍልን።

ነጭ ጋውን

እኔ ስለ ጊታር አላውቅም ግን መጨረሻ ላይ እንደ ቀልድ ጣል ያረግከው ነገር ላይ ነው ዓይኔ የቀረው። የጣት ጫፍ ማቃጠልና ማበጥ የሚጠበቅ ነው፣ ቆዳው እስኪደነድን ነው። መደንዘዝ ግን ሌላ ነገር ነው። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ሌሊት ከደነዘዙ የእጅ አንጓ ላይ የሚያልፈው ነርቭ ተጨንቆ ሊሆን ይችላል፣ ካርፓል ተነል የሚባለው ማለት ነው። ትንሿ ጣት ከሆነች ችግሩ ብዙ ጊዜ ክርን አካባቢ ነው። ካርፓል ተነል በዚህ ዕድሜ ብዙ ሰው ላይ ይታያል፣ ስኳርና የታይሮይድ ችግር ያለባቸው ላይ ደግሞ ይብሳል። ቶሎ ሲታይ ብዙ ጊዜ ሌሊት አንጓን ቀጥ አርጎ የሚይዝ ድጋፍ በማሰር ይሻለዋል፣ ሲቆይ ግን የአውራ ጣት ሥር ሥጋው መሟሸሽ ይጀምራል። በል ታይ። እስክትታይ ድረስ አንጓህን በጣም አጥፈህ አትጫወት፣ ከደነዘዘህ ወዲያው አቁም። የጣት ማሟሻ ብለህም ገና ያልሞቀ ጣት አትለጥጥ።

የቀድሞ ተመላላሽ

እኔ ከጊታር ጋር አልተዋወቅም፣ የኔ ኳስ ነው፣ ግን ሦስት ሰዓት የሚለውን ሳነብ ዝም ማለት አቃተኝ። በ43 ዓመቴ 15 ዓመት ሳልነካ ቆይቼ ኳስ ሜዳ ተመለስኩ። መጀመሪያው ቀን ገብቼ 60 ደቂቃ ሮጥኩ፣ ትንፋሼም አላስቸገረኝም፣ እንዲያውም ጓደኞቼ አንተ ሰው አላረጅም አልክ እንዴ አሉኝ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንዲት ኳስ ልቀማ ብዬ ስነሳ ባቴ ውስጥ ሰው በድንጋይ የመታኝ መሰለኝ፣ ዞር ብዬ ማን ነው ብዬ አየሁ፣ ማንም የለም፣ ጡንቻው ተቀዶ ነው። ሰባት ሳምንት አነከስኩ። ፊዚዮቴራፒስቷ ያለችኝን ልንገርህ፣ ልብና ሳንባ ቶሎ ይለምዳሉ፣ ጅማት ግን ደም በብዛት ስለማያገኝ ወራት ይፈልጋል፣ አእምሮህ ደግሞ የ20 ዓመቱን ፍጥነት ነው የሚያዘው። ጣትም ጅማት አለው አይደል። የድሮውን ሰዓት ከጭንቅላትህ አውጣ።

ጠያቂ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በነገራችን ላይ ወንድማችሁ ሳልሆን እህታችሁ ነኝ :)

ጠጋኙ፣ ክሩ ብረት ነው። ፓኬቱ ላይ 13 ይላል፣ ሻጩ ወፍራም ነው ድምፁ ይሞላል ብሎኝ ነው የወሰድኩት። 12ኛው ፍሬት ላይ 4.5 ሚሊ ሜትር መጣ፣ ሦስቴ ለካሁት። ሰባተኛው ላይ ካርድ ሦስት ገብቶ ገና ቦታ ነበረው። ወረቀቱ ብሪጁ ስር አልገባም። ነጭ ጋውን፣ ለሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ።

ጠጋኙ

ይቅርታ እህቴ። አየሽ፣ 4.5 ላይ በ13 ክር ኤፍ አወጣለሁ ማለት በበር መዝጊያ ላይ ፒያኖ መምታት ነው። ያንቺ ጣት ምንም አልሆነም።

አሁን ቅደም ተከተሉን አትዝለይው። መጀመሪያ 13ቱን አውጥተሽ 11 እሰሪ፣ ቀጭኗ ከ0.33 ወደ 0.28 ትወርዳለች፣ ትንሽ ትመስላለች እንጂ ስድስቱ አንድ ላይ ከ10 ኪሎ በላይ ይቀልላቸዋል። ጭነቱ ሲቀንስ አንገቱ ራሱ ትንሽ ቀና ስለሚል ሁለት ቀን ተዪውና እንደገና ለኪ። አሁንም ጎባጣ ከሆነ ትራስ ሮድ የሚባል ብረት አንገቱ ውስጥ አለ፣ መዞሪያው ወይ የጊታሩ ጭንቅላት ላይ ትንሽ ክዳን ስር ነው ወይ በድምፅ ቀዳዳው በኩል። በትክክለኛው ቁልፍ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ሩብ ዙር ብቻ፣ ከዛ መልሰሽ ቃኚ፣ አንድ ቀን ጠብቂ፣ ለኪ። ጠጠር ካለ በጉልበት እንዳትሞክሪ፣ እሱ ብረት ከተቆረጠ ጥገናው ከጊታሩ ዋጋ ይበልጣል። ካልለመድሽው ባለሙያ ጋ ውሰጂው፣ የማፍርበት ምክር አይደለም።

ከዛ ቀጥሎ ብሪጁ ላይ ያለችው ነጭ አጥንት መሳይ ነገር ከስሯ ትሞረዳለች። 12ኛው ላይ 1 ሚሊ ሜትር እንዲወርድ ከስሯ 2 ሚሊ ሜትር መውጣት አለበት፣ ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ ነው ወይ አሳንሶ ሞርዶ የሚበሳጨው ወይ አብዝቶ ክሩን የሚያንጫጫው። እስከዛው ግማሽ ድምፅ ዝቅ አርገሽ ቃኚና አንደኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) እሰሪ። ድምፁ ያው ነው፣ ግን ክሩ ላላ ያለና ለፍሬቱ የቀረበ ይሆናል።

ፒክ የጠፋበት

ተሸነፍኩ፣ ኤሌክትሪኩን ለልደትሽ ያርግልሽ። ስለ ልምምዱ ግን እኔም አንድ ነገር አለኝ። እኔ ስጀምር እሁድ እሁድ ሁለት ሰዓት አርግ ነበር፣ በሳምንቱ ጣቴ ተመልሶ ለስልሶ ይጠብቀኛል፣ በቃ ሁሌ ከዜሮ። በቀን 15 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ስል ነው ቆዳው በሦስተኛው ሳምንት የደነደነው። ጊታሩን ከሳጥኑ አውጥተሽ ዓይንሽ የሚያርፍበት ቦታ አቁሚው፣ ማሞቂያና ፀሐይ አጠገብ ብቻ አይሁን። እጅሽን እንደታጠብሽ አትጫወቺ፣ የራሰ ቆዳ ቶሎ ይላጣል።

ኤፍን ደግሞ ሙሉውን አትጀምሪ። አራቱን ቀጫጭን ክሮች ብቻ ተጫወቺ፣ በሌባ ጣትሽ ሁለቱን ቀጫጮች ብቻ ተጫኚ፣ ሌላውን ተዪው። ሜትሮኖም 60 ላይ አርጊና ከሲ ወደዛች ትንሿ ኤፍ በአራት ምት አንዴ ተሻገሪ። ድሮ ትሠሪያቸው የነበሩትን ፈጣን ነገሮች ለሁለት ወር አትንኪያቸው፣ እጅሽ ያስታውሰዋል ግን ሲጣደፍ ስህተቱንም አብሮ ነው የሚያስታውሰው።

ሰማያዊ እስክርቢቶ

እኔ የሥዕል ሰው ነኝ፣ በ49 ዓመቴ ነው እርሳስ መልሼ ያነሳሁት፣ ስለ ካሴቱ ልበል። እኔም የድሮ ደብተሬን አውጥቼ ሁለት ወር እርሳስ አልነካሁም፣ ያ ልጅ በቀን አምስት ሰዓት ነበረው፣ ደሞዝም የቤት ኪራይም አያስጨንቀውም፣ እኔ ከሱ ጋር ምን አፎካከረኝ? ካሴቱን ደብቂው። ከዛ ይልቅ ዛሬ ስልክሽ ላይ አንድ ደቂቃ ቅጂና ሳትሰሚው አስቀምጪ፣ ከወር በኋላ ስሚው፣ መለኪያሽ እሱ ይሁን። በ1885 ኢቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ በራሱ ላይ ሞክሮ ያሳየው ነገር አለ፣ ጨርሶ የረሳነው የሚመስለን ነገር እንኳን እንደገና ስንማረው ከመጀመሪያው ባነሰ ጊዜ ይገባናል። እሱ ትርጉም የሌላቸው ቃላት ነው የሸመደደው፣ እኔ ግን በእጄም ያየሁት ያንኑ ነው።

ሌላው መነጽር! ከ40 በኋላ የዓይን ሌንስ ይጠጥራል፣ የማንበቢያ መነጽር 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው የሚሠራው፣ የኮርድ ወረቀትሽ ግን ምናልባት 70 ላይ ይሆናል። ለማየት ስታጎነብሺ ትከሻሽና አንጓሽ አብረው ይበላሻሉ። ርቀቱን በሜትር ለክተሽ ለዓይን ባለሙያው ንገሪ፣ ወይ ወረቀቱን አጉልተሽ አትሚው።

ጠያቂ

ሰላም ተመልሻለሁ፣ ሰባት ሳምንት ሆነኝ። ሐኪሙ ካርፓል ተነል ነው ገና ቀላል ነው አለኝ፣ ሌሊት ድጋፍ አስሬ እተኛለሁ፣ አሁን በሳምንት አንዴ ቢቀሰቅሰኝ ነው። ለካ ጊታሩን ጉልበቴ ላይ አጋድሜ ፍሬቱን ለማየት ስለማጎነብስ አንጓዬ እንደ መንጠቆ ይታጠፍ ነበር፣ አሁን ማንገቻ አስሬበት ቀና አርጌ ነው የምይዘው።

11 ክር አሰርኩ፣ 4.5 የነበረው ወደ 4 ወረደ። ትራስ ሮዱን ራሴ አልነካሁትም፣ ፈራሁ፣ ባለሙያ ጋ ወሰድኩትና እሱንም አጥንቷንም ሠራልኝ፣ አሁን 2.5 ነው። ከሱ ቤት ስወጣ ገና በሩ ላይ ቆሜ ኤፍ መታሁ፣ አምስቱ ክር ጮኸ፣ አንዷ ዝም አለች፣ እኔ ግን እዛው በሩ ላይ ሳቅሁ። 15 ደቂቃዬ አንዳንዴ 25 ይሆናል፣ ሦስት ሰዓት አልሞከርኩም። ቅጂውን እስካሁን አልሰማሁትም፣ ልጄ ግን ትናንት «ያችን የትናንትናዋን ድገሚያት» ብላኛለች።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፣ ሁለተኛዋ ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ስጫናት ትንጫጫለች፣ ሌላ ቦታ ሰላም ናት። ምንድነው?

ጠጋኙ

እንኳን ደስ ያለሽ። እዛ ብቻ ከሆነ አራተኛው ፍሬት ከፍ ብሎ ነው፣ ክሩ እሱን እየነካው ነው። የባንክ ካርድሽን አምጪና ቀጥ ያለውን ረጅም ጠርዝ ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው ፍሬት ላይ አንድ ላይ አቁሚው፣ ልክ ሁለተኛዋ ክር ስር፣ ከዛ ጫፉንና ጫፉን በየተራ ተጫኚ። እንደ ሚዛን ከተወዛወዘ አራተኛው ነው። ትንሽ መታ መታ ተደርጎ ይገባል፣ ካልገባ ይሞረዳል፣ የሠራልሽ ሰው ጋ መልሰሽ ውሰጂው፣ አዲስ ሥራ ስላልሆነ እንደ ጨረሰው ሥራ ቆጥሮ ሊያየው ይገባል።