ቆሞ የኖረ ሆንዳ ሲቢአር 600፦ ሞተሩ ይከፈት ወይስ ይተው?

ጮቄ (ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ዘመዴ ግቢ ለዓመታት ቆሞ የኖረ ሆንዳ ሲቢአር 600 ኤፍ 3 ገዝቻለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1998 ከተሠሩት አንዱ ሲሆን፣ ባለ 599 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደርና በውኃ የሚቀዘቅዝ ነው። እስካሁን የምሠራው በትንንሽ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ዘይትና ካቴና መቀየር፣ ካንዴላ ማጽዳትና የመሳሰለውን ስለነበረ፣ ይህ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዬ ነው።

የቤንዚን ታንከሩ ውስጡ ዝጓል። የፊት ፍሬኑ ሲጨበጥ ምንም ሳይዝ እስከ መጨረሻው ይገባል። የጎን ፕላስቲኮቹ ተሰነጣጥቀዋል። በጣም ያሳሰበኝ ግን ሞተሩ ነው፤ በተውሶ ባትሪ አዙሬ ኮምፕሬሽኑን (ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት) ስለካ፣ አራቱም ሲሊንደሮች እርስ በርሳቸው ተቀራራቢ ሆነው፣ ፋብሪካው በመጽሐፉ ከሰጠው ቁጥር ግን በሩብ ገደማ አንሰው ተገኙ። እዚህ ያማከርኩት መካኒክ ፋሻው (የፒስተኑ ዙሪያ ቀለበት) ስላለቀ ሞተሩ ወርዶ መከፈት አለበት ብሎኛል።

ሐሳቤ ፕላስቲኩን አውልቄ፣ መሪውን ከፍ አድርጌ፣ የኋላውን ጭራ ቆርጬ በማሳጠር በጥቁር ቀለም ማስዋብ ነበር። ገንዘቤ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይበቃ፣ በየትኛው መጀመር እንዳለብኝ ብትመክሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ እባክዎ ሞተሩን አይክፈቱት። በመጽሐፉ የተጻፈው ቁጥር የሚሠራው በባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ፒስተኑ የሚያምቀው ያንኑ የሳሳ አየር በመሆኑ፣ ምንም ጉድለት የሌለበት ሞተር እንኳ በእርስዎ ከተማ ሲለካ በዚያው መጠን ዝቅ ብሎ ይነበባል። እኔ ባለሁበት በ1,800 ሜትር ላይ እንኳ ልዩነቱ ወደ አንድ አምስተኛ ይጠጋል። ስለዚህ እርስዎ የነገሩን ቁጥር ያለቀ ፋሻ ምልክት ሳይሆን የከፍታው ውጤት ሊሆን ይችላል። እንዲያውም ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ አራቱ ተቀራራቢ መሆናቸው ነው፤ ከቆመ ሞተር ላይ የሚመጣ ብልሽት አራቱንም እኩል እምብዛም አያጠቃም።

ለማረጋገጥ አራቱንም ካንዴላዎች ያውጡ፤ ባትሪው ሙሉ መሆኑን ይመልከቱ፤ የጋዝ መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፍተው ይለኩ። ይህ ካልተደረገ ንባቡ ያለ ምክንያት ይወርዳል። ከዚያ በየሲሊንደሩ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ አድርገው ደግመው ይለኩ። ቁጥሩ በብዙ ካሻቀበ ጥርጣሬው ወደ ፋሻው ይሄዳል፤ አንዱ ሲሊንደር ብቻ ዝቅ ብሎ በዘይትም ካልተነሣ ደግሞ ወደ ቫልቩ ይሄዳል። በጥቂቱ ብቻ ከፍ ማለቱ ግን የሚጠበቅ ነው።

ለሞተሩ ያሰቡትን ገንዘብ በነዳጁ መንገድ ላይ ያውሉት። የቆየ ቤንዚን ሙጫ ሆኖ የካርቡሬተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ አራት ካርቡሬተር ስላለው ሥራው አራት እጥፍ ነው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። እያንዳንዱን ቀዳዳ ብርሃን እስኪያሳይ ድረስ ያጽዱ፤ ይሁን እንጂ በሽቦ አይጎርጉሩት፣ የናሱ ቀዳዳ ይሰፋል። ለታንከሩ ደግሞ አቼቶ ሞልተው ለአንድና ለሁለት ቀን ይተዉት፣ ያለቅልቁት፣ ሶዳ በበጠበጡበት ውኃ አሲዱን ይግደሉ፣ ወዲያው አድርቀው ዘይት ያስነኩት። ሳይውል ሳያድር ካልደረቀ እንደገና ይዝጋል።

የደጀን ልጅ (ደጀን)

ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ቅደም ተከተሉን እኔ እለውጠዋለሁ። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ፍሬኑ ይሠራ። ከእኛ ከተማ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ከማርቆስ ተነሥቶ አዲስ አበባ በዚህ በኩል የሚሄድ ሁሉ ወርዶ መውጣት አለበት። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የሚስብ ነገር ነው፤ ዶት 4 የተባለው አዲስ ሳለ ከ230 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም፣ ውኃ ሲገባበት ግን ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ ወለል 155 ዲግሪ ነው። የጎጃምን ክረምት ደጋግሞ ያሳለፈ አሮጌ ዘይት በዚያ ቁልቁል ላይ ቢፈላ፣ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ስለሚፈጠር እጀታው ባዶውን ይገባል። የእርስዎ ገና በቆመበት እየገባ ነውና፣ ዘይቱን መቀየር ብቻ አይበቃም፤ የላይኛው ፓምፕና የታችኞቹ ፒስተኖች ጎማ ይለወጥ፣ የላስቲክ ቱቦዎቹም አብረው ይለወጡ። በየሁለት ዓመቱም ዘይቱ ይታደስ።

ጎማውንም በጥርሱ አይመዝኑት። ጎኑ ላይ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አለ፤ 3516 ካለ በ2016 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ የደረቀ ጎማ በእርጥብ አስፋልት ላይ አይይዝም፤ በእኔ እምነት በዚህ ሥራ ውስጥ ቁጠባ የማይገባው ቦታ እዚህ ነው። ለዚህ ሞዴል የፊቱ 120/60፣ የኋላው 160/60 ሲሆን ሁለቱም ባለ 17 ኢንች ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ደጋ ላይ ቤንዚኑ በዛ ብለው የካርቡሬተሩን ጂግለር (ቤንዚኑን የሚመጥነውን ባለ ቀዳዳ ናስ) በጣም እንዲያሳንሱ የሚመክርዎ ሰው አይጠፋም። እዚህ ላይ የተስማማው ልክ ቆላው ወርደው አየሩ ሲወፍር ቤንዚን ያሳጥራል፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ ከልክ በላይ ይግላል፣ ያውም ሙቀቱ በሚበረታበት በዓባይ ወለል። የዚህ ሞተር ካርቡሬተር በአየሩ ግፊት የሚንቀሳቀስ በመሆኑ ከፍታውን በከፊል ራሱ ያስተካክላል። ፋብሪካው የሰጠውን ይዘው ይጀምሩ። የራዲያተሩ ማራገቢያ በራሱ መነሣቱን ግን ሳያረጋግጡ አይውረዱ።

ዳሞት (ፍኖተ ሰላም)

ሞተሩ አይከፈት መባሉ ትክክል ነው፤ የቫልቭ ክዳኑን አንሥቶ የቫልቮቹን ክፍተት መለካት ግን ከመክፈት አይቆጠርምና እሱን አይዝለሉት።

ስለ ማስዋቡ ጥቂት ልበል። የኤፍ 3 ሻንሲ ብረት ስለሆነ ማንኛውም በያጅ ቆርጬ ልበይድልህ ይልዎታል። እሺ አይበሉት። የኋላው ክፍል የተቀመጠበትን ሰው ክብደት የሚሸከም ነውና፣ ባሳጠሩት ቁጥር ጭነቱ ባልታሰበ ቦታ ያርፋል፤ ከተቆረጠ በኋላም የሚመልሰው የለም። ቅርጹን መለወጥ ከፈለጉ በብሎን የሚፈታውን ብቻ ይለውጡ። መሪውን ከፍ ሲያደርጉ የፍሬኑ ቱቦ፣ የፍሪሲዮኑ ገመድና የመብራቱ ሽቦዎች መርዘም ስላለባቸው፣ መሪው ወደ ሁለቱም ወገን እስከ መጨረሻ ሲዞር ምንም የማይወጠር መሆኑን ይመልከቱ። የአየር ማጣሪያውን ሳጥን አውጥተው ትንንሽ ማጣሪያ በየካርቡሬተሩ መግጠም ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን ካርቡሬተሮቹ የተስማሙት ለዚያ ሳጥን ስለሆነ ሞተሩ መካከለኛ ፍጥነት ላይ ይንተፋተፋል።

ፕላስቲኩንም ባይጥሉት እመርጣለሁ። ጀርባው ላይ ኤቢኤስ የሚል (የፕላስቲኩ ዓይነት ነው) ከተጻፈበት፣ የዚያኑ ስባሪ በአሴቶን አሟሙተው ስንጥቁን ከውስጥ በኩል ይሙሉበት፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። ቀለም ከመቀባትዎ በፊት ደግሞ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥሮች ከሊብሬው ጋር አንድ መሆናቸውን ያመሳክሩ፤ ቀለም ከተቀየረም ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ አስቀድሞ ማሳወቅ ይበጃል።

ጮቄ (ደብረ ማርቆስ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በተባለው መሠረት ካንዴላዎቹን ሁሉ አውጥቼ፣ ጋዙን ከፍቼ ደግሜ ለካሁ፤ አራቱም ከቀድሞው ከፍ ብለው አሁንም እኩል ናቸው፣ ዘይት ስጨምርም ጥቂት ብቻ ጨመሩ። ሞተሩ ሳይከፈት ይቆያል፣ ጭራውም አይቆረጥም። የፍሬኑን ጎማዎች አዝዣለሁ። ባትሪው ከመሞቱ በፊት በተደጋጋሚ ይወርድ ነበር ሲባል ሰምቻለሁና፣ አዲስ ከመግዛቴ በፊት ምን ልመልከት?

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ደስ የሚል ዜና ነው። በዚያ ዘመን ሆንዳዎች ላይ የቻርጅ መቆጣጠሪያው ቶሎ የሚቃጠል ዕቃ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ወደ 5,000 ዙር ከፍ አድርገው በባትሪው ጫፎች ላይ በቴስተር ይለኩ፤ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መካከል መሆን አለበት። ከ15 ካለፈ መቆጣጠሪያው ተበላሽቷል፣ አዲሱንም ባትሪ ያፈላዋል። ከ13 በታች ከሆነ ደግሞ አስቀድመው ከዲናሞው የሚመጡትን ሦስት ቢጫ ሽቦዎች ማገናኛ ከፍተው ይዩ፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ ወይም ጠቁሮ ከተገኘ ችግሩ ከዚያው ሊሆን ይችላል። የለኩትን ቁጥር ይጻፉልኝ።