«ስትራዲቫሪዩስ 1721» የሚል ወረቀት ያለበት አሮጌ ቫዮሊን

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ላይፕዚግ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ ቫዮሊን በ80 ዩሮ ገዛሁ። በድምፅ ቀዳዳው ወደ ውስጥ ሲታይ «አንቶኒዩስ ስትራዲቫሪዩስ፣ ክሬሞና፣ 1721» የሚል በላቲን የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎበታል። ክሮቹ ተበጥሰዋል፣ ሲነቀነቅም ውስጡ አንድ ነገር ይንኳኳል። ለልጄ መማሪያ እንዲሆን ማስጠገኑ ያዋጣ ይሆን?

መልስ 1፦
ወረቀቱን ይርሱት። ታዋቂው የጣሊያን ቫዮሊን ሠሪ ስትራዲቫሪ (በላቲን ስትራዲቫሪዩስ) በ1737 የሞተ ሲሆን፣ ከሥራዎቹ የተረፉት 650 ገደማ መሣሪያዎች አብዛኞቹ በየባለቤታቸው ተመዝግበው ይታወቃሉ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ግን በጀርመን ሳክሶኒ የምትገኘው የማርክኖይኪርሽንና የፈረንሳይዋ የሚርኩር ከተሞች ቫዮሊን ሠሪዎች ይህን ወረቀት በእጅግ ብዙ ቫዮሊኖች ላይ ለጥፈዋል፤ የቅርጹን ምንጭ ለማመልከት ያህል እንጂ ሁልጊዜ ለማጭበርበር አልነበረም። ወደ አሜሪካ የተላኩት በ1890 በወጣው የቀረጥ ሕግ ምክንያት የአገር ስም ይጻፍባቸው ነበር። የእርስዎ ከአገሩ ያልወጣ ከሆነ፣ የአገር ስም አለመኖሩ ስለ ዕድሜው ምንም አያስረዳም።

መልስ 2፦
እኔ ጥገና ላይ ስለምሠራ፣ ጥሩ ሥራ ይሁን ርካሽ ለመለየት እንጨቱን እንዲመለከቱ እመክራለሁ። ጠርዙን ተከትሎ የሚዞረው ጥቁር መስመር በቀለም የተሰመረ ነው ወይስ ቀጭን እንጨት ተቦርቡሮ የገባበት? ጀርባው በተሠራበት ሜፕል በተባለው እንጨት ላይ ያለው ነብርማ መስመርስ ቫዮሊኑን በብርሃን ፊት ሲያዘነብሉት ቦታ የሚቀይር ይመስላል? ተፈጥሯዊ ከሆነ ይንቀሳቀሳል፣ የተቀባ ከሆነ ግን ባለበት ይቀራል። በትንሽ መስተዋትና ባትሪ ውስጡን ቢያዩ ደግሞ፣ በርካሾቹ ላይ ከፊተኛው እንጨት በታች በርዝመቱ የሚሄደው ዘንግ ለብቻው ተሠርቶ የተለጠፈ ሳይሆን ከዚያው እንጨት የተቀረጸ ሆኖ ያገኙታል።

መልስ 3፦
ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ክር አይወጥሩበት! የሚንኳኳው ምናልባት ፊቱንና ጀርባውን ደግፎ የሚቆመው ትንሽ እንጨት ወድቆ ይሆናል፤ እርሱ ሳይቆም ክር ከተወጠረ ፊተኛው እንጨት ሊሰምጥ ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። የጎን መጋጠሚያ መላቀቅ አያስጨንቅም፣ ሙጫው ለጥገና እንዲከፈት ታስቦ የተመረጠ ነው። ያ ደግፎ የሚቆመው ትንሽ እንጨት በሚያርፍበት የጀርባ ክፍል ስንጥቅ ካለ ግን ዋጋው በእጅጉ ይወርዳል። የጀርባውንም ርዝመት ይለኩት፤ 35.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ የአዋቂ መጠን ነው።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። መስመሩ ተቦርቡሮ የገባ ነው፣ የጀርባው ነብርማ መስመርም ይንቀሳቀሳል፣ ስንጥቅም አላየሁም። ርዝመቱ ግን 35.6 ነው፣ ልጄ ደግሞ ገና 8 ዓመቷ ነው። ለእርሷ ትንሽ ቫዮሊን እከራያለሁ፤ ይህኛውን ጠጋኝ ዘንድ እወስደዋለሁ።