ጉልበቴ እየተቆለፈ አስቸገረኝ፤ በካሜራ የተሠራችሁ አላችሁ?

የፒያሳው፦
ሰላም ቤተሰብ። ቢሮዬ ፒያሳ ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። ከሁለት ወር በፊት ኳስ ስጫወት ጉልበቴ ተጠማዞ "ቋ" አለ። በማግስቱ አበጠ። እናቴ ወጌሻ ጋ ወሰደችኝ፤ አሸኝ፣ ጮህኩ፣ ተመለስኩ። አሁን ደረጃ ስወርድ መሀል ላይ ድርቅ ይልብኛል። ግድግዳ ይዤ ወዝወዝ ካላደረግኩት አይፈታም። ትናንት ሚኒባስ ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ ተቆለፈ። "ወራጅ አለ" ብዬ መነሳት አቃተኝ፤ ወያላው የጠጣሁ መስሎት ተቆጣኝ።
ኤምአርአይ ተነሳሁ፤ ሜኒስከሱ (ጉልበት መጋጠሚያ ውስጥ እንደ ትራስ የሚያገለግለው) ተቀዷል ተባልኩ። ሐኪሙ "በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተን እንሠራዋለን" ብሎ በሦስት ደቂቃ ሸኘኝ። ያስተኛል እንዴ?

ክራንች የጣለው፦
አይዞህ ወንድሜ፣ እኔ ዓምና ተሠርቻለሁ። ጠዋት ገብቼ ማታ ቤቴ ነበርኩ። ከወገብ በታች አደንዝዘውኝ ስክሪኑን አብሬ አየሁ። ካሜራው በደንብ እንዲያይ ጉልበቱን በጨው ውሃ ይሞሉታል። የተቀደደችው ጫፍ ውሃው ውስጥ እንደ ጨርቅ ዘርፍ ስትወዛወዝ አይቻለሁ! ከውጭ የቀረኝ የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ የሚያህሉ ሁለት ጠባሳ ነው። ግን ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ ተታለልኩ። በሳምንቴ ቢሮ ገባሁ፣ ማታ ጉልበቴ ሐብሐብ አከለ።
አንድ ነገር ጠይቀው፦ ይቆረጣል ወይስ ይሰፋል? የሜኒስከስ የውጭ ጠርዝ ደም ስለሚያገኝ ሰፍተውት ሊድን ይችላል። የውስጡ ደም አያገኝም፣ ብዙ ጊዜ ይከረከማል። ከተከረከመ ቶሎ ትራመዳለህ፤ ከተሰፋ ለሳምንታት ክራንች ነው። ያንተ ፎቅ ደግሞ አራተኛ ነው።

የእማዬ ልጅ፦
ጣልቃ ልግባና፣ እናቴ 66 ዓመቷ ነው። ጉልበቷ አርጅቷል ተብላለች። ይህንኑ ብናሠራላትስ?

ፊዚዮዋ፦
እህቴ፣ ያ ሌላ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ እንደ እናትሽ ጉልበታቸው ያረጀ 180 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ወጥቷል። ለከፊሎቹ ቆዳቸው ብቻ ተቆርጦ ተሰፋ። በሁለት ዓመት ውስጥ በእውነት ከተሠሩት ጋር በሕመማቸው ልዩነት አልታየም። የጭን ጡንቻ የሚያጠነክር ስፖርት ይሻላታል፤ ክብደት ካላትም መቀነስ።
የፒያሳው፣ አንተም ጭንህን ከአሁኑ አሠራ። ከተሠራህ በኋላ ባትህ ካበጠና ካመመህ ወይም ትኩሳት ከያዘህ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ያኔውኑ ሂድ።

የፒያሳው፦
ተባረኩ። ሰኞ ቀጠሮ አለኝ፣ "ይቆረጣል ወይስ ይሰፋል" የሚለውን ስልኬ ላይ ጽፌዋለሁ። ወጌሻው ጋ እንደማልመለስ ግን ለእናቴ ማን ይንገርልኝ?