ኮፐር የጠጣው ድንጋይ ይተርፋል ወይስ ልጣለው?

ሰላም ለሁላችሁ። 300 ሊትር የጨው ውሃ አኳሪየም ነው። ዓሦቹ ነጭ ነጠብጣብ (ክሪፕቶካሪዮን የሚባል ጥገኛ ተውሳክ) ስለያዛቸው ኬሌትድ ኮፐር (ውሃ ውስጥ ሟሙቶ እንዲቆይ ከሌላ ውህድ ጋር የታሰረ የመዳብ መድኃኒት) እዚያው ዋናው ገንዳ ውስጥ በሊትር 2 ሚሊግራም ላይ ለ30 ቀን ተያዘ። ዓሦቹ ድነዋል። ጣጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ግማሽ ግማሹን ውሃ እየቀየርኩ ካርቦን ስጨምርበት መለኪያው ዜሮ ያሳያል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ወደ 0.15 ይመለሳል። አሸዋውም ድንጋዩም ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆኑ ኮፐሩን ይዘው ቀስ እያሉ እንደሚለቁት አውቃለሁ፤ ፒኤች ሲወርድ ደግሞ ይብሳል። ዜሮ ሲል የገባው ቀንድ አውጣ እንኳ መስታወቱን አልያዘም፤ ሥጋው ከዛጎሉ ተንጠልጥሎ ተገለበጠ። ለነገሩ የጠብታ መለኪያ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ የሚገድለውን ትንሽ መጠን አያሳይም። ስለዚህ «ውሃ ቀይር፣ ይለቃል» አትበሉኝ፤ ምንጩ ድንጋዩ ነው።

የምጠይቀው ይህን ነው። ኩፕሪሶርብ (ኮፐርን ከውሃ የሚስብ፣ በከረጢት የሚገባ ማጣሪያ) ፊልተሩ ውስጥ ገብቷል፤ እየጠቆረም ነው። አዲስ ከረጢት ቀለም መቀየር ሲያቆም ድንጋዩ ጨርሷል ብዬ ልመን? ድንጋዩን አሲድ ውስጥ መንከር የላይኛውን ሽፋን ያነሳል፤ ቀዳዳው ውስጥ የገባውንስ? አሸዋውን ለማውጣት ወስኛለሁ፤ ግን በአንዴ ላውጣው ወይስ በየሳምንቱ ሩቡን? ኮፐሩ አሞኒያ የሚያስወግደውን ባክቴሪያ አዳክሞት ከሆነ አሞኒያ ሊነሳ ይችላል፤ አሞኒያ ማሰሪያ ደግሞ ኮፐር ባለበት መጨመር አልፈልግም፣ ኮፐሩን ይበልጥ መርዛማ ስለሚያደርገው።

ወደፊት ኮራል ማስገባት ነው ያሰብኩት። ድንጋዩን ሳይጥል የተሳካለት ካለ እንዴት እንዳረጋገጠ ይንገረኝ።