ሀዋሳ ላይ ቲቪ ቦክስ ልትገዙ ላሰባችሁ

ቲቪ ቦክስ ማለት ቲቪው ላይ ተሰክቶ ከኔት ዩቲዩብና ፊልም የሚያሳይ ትንሽ ዕቃ ነው። «የትኛውን ቦክስ ልግዛ?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። መልሴ አጭር ነው፦ የምታዩት በአብዛኛው ዩቲዩብ ከሆነ ጎግል ቲቪ (የጎግል የቲቪ ሶፍትዌር) ያለበት ትንሽ ስቲክ (እንደ ፍላሽ የሚሰካ ቦክስ) ይበቃችኋል። ካርቶኑ ላይ «4ኬ» (በጣም ጥርት ያለ ምስል) ተብሎ በትልቁ ስለተጻፈ ብቻ ብር አትጨምሩ።

ጥሩ ቦክስ ደካማ ኔት ላይ ምንም አያደርግም። ኔትፍሊክስ ለ1080ፒ (ፉል ኤችዲ) 5 ሜጋቢት በሰከንድ፣ ለ4ኬ ደግሞ 15 ይመክራል። ማታ ቤተሰቡ ሁሉ ስልኩን ይዞ ሲቀመጥ 15 የሚደርስ ዋይፋይ ስንታችን ቤት አለ? የስልክ ሆትስፖት ለምትጠቀሙማ የባሰ ነው። አንድ ሰዓት በኤችዲ ስታዩ እስከ 3 ጊጋ፣ በ4ኬ እስከ 7 ጊጋ ይበላል።

እኔ የምጠቁመው ሻኦሚን ነው። ቲቪ ስቲክ 4ኬ እና ሁለተኛው ትውልድ ቲቪ ቦክስ ኤስ ሁለቱም 2 ጊጋ ራም፣ 8 ጊጋ መያዣ አላቸው። ቦክሱ ግን የዩኤስቢ ቀዳዳ አለው። ኔት ሲጠፋ ፍላሽ ሰክቶ ፊልም ማየት ይቻላል። ለኛ ከተማ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጎግል ክሮምካስት የሚባለውን የራሱን መሰል ዕቃ ማምረት በ2024 እ.ኤ.አ. አቁሟል። እሱን በተካው ጎግል ቲቪ ስትሪመር ላይ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ አለ፤ ራውተሩ ቲቪው አጠገብ ላለ ሰው አሪፍ ነው። ግን አሜሪካ ውስጥ እንኳ ሲወጣ 100 ዶላር ነበር።

ፋየር ስቲክና ሮኩ የሚባሉትን የአሜሪካ ቦክሶች ብዙ ጊዜ ከውጭ ዘመድ ይልካቸዋል። ዩቲዩብ አላቸው፣ ፕሌይ ስቶር ግን የላቸውም። ከተላከላችሁ ደስ ብሏችሁ ተጠቀሙ፤ በራሳችሁ ብር አትግዟቸው። (ዘመዳችሁ «ምን ልላክ?» ካለ ሻኦሚ በሉት።)

አሁን ወደ ርካሾቹ። እንደ ኤምኤክስኪው እና ቲ95 ያሉት የትም አሉ። አንድ ጥቅም አላቸው፦ ብዙዎቹ ኤቪ መሰኪያ ስላላቸው ኤችዲኤምአይ የሌለው የድሮ ቲቪ ላይ ይሠራሉ። ከዚያ ውጪ ግን ጠንቀቅ በሉ። ካርቶኑ ላይ ትልቅ ራም ተጽፎ ውስጡ 1 ጊጋ የሆነበት ብዙ ነው። ብዙዎቹ የሚሠሩት ለቲቪ ሳይሆን ለስልክ በተሠራ አንድሮይድ ስለሆነ ኔትፍሊክስ ቢከፈትም ምስሉ ደብዛዛ ይሆናል። ከሁሉም የሚያስፈራው ቫይረሱ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ቲ95 ላይ ከፋብሪካ ጀምሮ የተጫነ ቫይረስ ተገኝቷል። በ2025 ደግሞ የአሜሪካው ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ ስለነዚህ ዓይነት ቦክሶች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የባንክ አፕ ያለበት ስልካችሁም እኮ እዚያው ዋይፋይ ላይ ነው።

ፒያሳም ሆነ መናኸሪያ አካባቢ ስትገዙ ሱቁ ውስጥ አስከፍቱት። የፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ውስጥ «አባውት» የሚለውን ንኩና «ሰርቲፋይድ» (ጎግል ያረጋገጠው) ይል እንደሆነ እዩ። ሻጩ «ቤት ስትገቡ ታዩታላችሁ» ካለ ቀጣዩ ሱቅ ግቡ። ሪሞቱንም እዚያው ሞክሩ፤ ኦርጅናል መለዋወጫ ማግኘት ጣጣ ነው።

ስቲኩን ከቲቪው ዩኤስቢ ላይ ኃይል እንዲስብ አታድርጉት፤ ብዙ ቲቪ በቂ ኃይል ስለማይሰጥ ደጋግሞ ይጠፋል። አብሮት የመጣውን ቻርጀር ግድግዳ ላይ ሰኩ፤ መብራት ከፍ ዝቅ የሚል ሰፈር ከሆናችሁ በስታቢላይዘር በኩል አድርጉት። ዲሹንም አትንቀሉት፤ ለዜና ዳታ ማቃጠል አያስፈልግም።