ተች ስክሪን ያለው ላፕቶፕ ይሻላል ወይስ ተራው?

የማታ ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፕ ልገዛ ነው። ዓይኔ ያረፈባቸው ሁለቱ በራም፣ በፕሮሰሰር፣ በሁሉም ነገር እኩል ናቸው፤ አንዱ ግን ተች ስለሆነ ዋጋው ከፍ ይላል። የምሠራው ወርድና ኤክሴል ነው፣ ፒዲኤፍ አነባለሁ፣ የሂሳብ ኖትም እጽፋለሁ። አሁን በየቦታው የማየው ተች ስለሆነ ተራውን ብወስድ ይቆጨኝ ይሆን?

ዳመና፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ማጠፊያውን እይ። ስክሪኑ ዙሪያውን ዞሮ እንደ ታብሌት የሚሆን ከሆነ ተች ጥቅም አለው። እንደ ተራ ላፕቶፕ ብቻ የሚከፈት ከሆነ ግን ክንድህን አንስተህ ስትነካካ ቶሎ ይደክምሃል፤ ስክሪኑም በነካኸው ቁጥር ይወዛወዛል። የአፕል ኃላፊ የነበረው ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በ2010 በኩባንያው ማክ ኮምፒውተሮች ላይ ተች ያላስገቡበትን ምክንያት ሲናገር ያነሳው ይህንኑ የክንድ ድካም ነው።
ሁሉም ስለያዘው ደግሞ አትጨነቅ። ተች አዲስ ነገር አይደለም፤ ኤችፒ ጣት የሚቀበል ኮምፒውተር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ላፕቶፕ ላይ የበዛው እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8 ለጣት ታስቦ ከወጣ በኋላ ነው።

ሚሚ ኮድ፦
ዳመና፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ቀኑን ሙሉ በጣቱ የሚሠራ ማን አለ? እኔ ረጅም ፒዲኤፍ ወደ ታች ለመግፋት፣ ሥዕል ለማጉላት፣ ሰነድ ላይ ለመፈረም ብቻ ነው የምነካው። ከለመድሽው በኋላ ተራ ስክሪን ላይም እጅሽ ሳታስቢው ይሄዳል።

ጠጋኙ፦
ከጥገና በኩል ልጨምር። ተች የሆነው ስክሪን ብዙ ጊዜ ፊቱ አንጸባራቂ መስታወት ነው፤ መስኮት አጠገብ ስትቀመጥ የምታነበው የራስህን ፊት ነው። ጣት መጣ አልመጣ እያለ ሁልጊዜ ስለሚጠብቅ ባትሪም ይበላል። ከሁሉ የሚከፋው ሲሰበር ነው፤ መስታወቱና ማሳያው ብዙ ጊዜ የተጣበቁ ስለሆኑ ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ።

የማታ ተማሪ፦
አመሰግናለሁ። ካልወደድኩት ማጥፋት ይቻላል? ለሂሳቡስ በብዕር ይጻፍበታል?

ጠጋኙ፦
ማጥፋቱ ቀላል ነው። ዊንዶውስ ላይ ዴቫይስ ማናጀር ግባ፣ ሂዩማን ኢንተርፌስ ዴቫይስስ የሚለውን ዘርጋ፣ ተች ስክሪን የሚለው ላይ ራይት ክሊክ አድርገህ ዲስኤብል በል። ነጸብራቁ ግን አብሮ አይጠፋም።

ሚሚ ኮድ፦
ብዕሩ ላይ ተጠንቀቅ! ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ጣት የሚቀበል ስክሪን ሁሉ ብዕር ይቀበላል ማለት አይደለም። ጫፉ ጎማ የሆነው ርካሹ ብዕር ጣትህን ከመተካት አያልፍም፤ መስመሩ ይወፍራል፣ መዳፍህ ስክሪኑ ላይ ሲያርፍም ይሞነጭራል። ለሂሳብ የሚሆንህ አክቲቭ ፔን የሚባለው ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ያለው ብዕር ነው፤ እሱም ከላፕቶፑ ጋር መግባባት አለበት። ማይክሮሶፍት ፔን ፕሮቶኮልና ዋኮም ኤኢኤስ ብዕርና ስክሪን የሚግባቡባቸው የተለያዩ ‘ቋንቋዎች’ ናቸው፤ ለመጀመሪያው የተሠራ ብዕር ሁለተኛውን ብቻ በሚያውቅ ስክሪን ላይ አይጽፍም። ሁለቱንም የሚችሉ ብዕሮች አሉ። ከመክፈልህ በፊት የሞዴሉን መግለጫ አምራቹ ድረ ገጽ ላይ አንብብ።

የማታ ተማሪ፦
አሁን አየሁት። ተች ይላል እንጂ ስለ ብዕር ምንም የለውም፤ ስክሪኑም አይዞርም።

ዳመና፦
እንግዲያው ተራውን ውሰድ፤ በተረፈህ ገንዘብ ራም ጨምር። ለሂሳቡ በዩኤስቢ የሚሰካ የመጻፊያ ሰሌዳ አለ፣ ግራፊክስ ታብሌት የሚሉት፤ ትንሹ ይበቃሃል። ስክሪኑን እያየህ ሰሌዳው ላይ መጻፍ መጀመሪያ ግር ይላል፣ በኋላ ይለመዳል።