አሜሪካ ወደ ቬትናም ጦርነት ተስባ ገባች ወይስ ወስና ገባች?

ጥያቄ አቅራቢው፣ ከአዲስ አበባ፦

ሰሞኑን ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት ስንነጋገር አንድ አባባል እየተደጋገመ መጣ፤ «አሜሪካ ቬትናም ውስጥ ሳታስበው ተዘፈቀች» የሚል። ነገሩ በረግረግ ይመሰላል። አንድ እግሩን ያስገባ ሰው ያንን አወጣለሁ ሲል ሌላውንም ያስገባል፤ ከዚያ መመለሻ የለውም። እኔ ይህን ምሳሌ አልቀበልም። እንዲያውም ጥፋተኞችን ነጻ የሚያወጣ ምሳሌ ነው እላለሁ። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ረግረግ የሚውጠው ከፊቱ ያለውን ያላየ ሰው ነው። ዋሽንግተን ግን እያየች ነበር። በ1961 የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ከፍተኛ ባለሥልጣን ጆርጅ ቦል ጦር መላክ ከተጀመረ በአምስት ዓመት ውስጥ 300,000 ወታደር ሩዝ ማሳውና ጫካው ውስጥ እንደሚገባ ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ ነገሯቸው። ኬኔዲ እንደ እብደት ቆጠሩት። አምስት ዓመቱ ሲሞላ ቁጥሩ ከዚያም አልፎ ነበር። በሜይ 1964 ደግሞ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ከደኅንነት አማካሪያቸው ከማክጆርጅ ባንዲ ጋር በስልክ ሲነጋገሩ ድምፃቸው በቴፕ ተቀድቷል። ልንዋጋለት የሚገባ ነገር አይመስለኝም፤ መውጣት የምንችልም አይመስለኝም ይላሉ። ይህን ካሉ አንድ ዓመት እንኳን ሳይሞላ፣ ማርች 8 ቀን 1965፣ 3,500 የባሕር ኃይል እግረኞች ዳናንግ ላይ ወረዱ።

የማያዋጣ መሆኑን እያወቀ የገባ ሰው ተስቦ ገባ ይባላል? የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር፣ ከጎንደር፦

ልጄ፣ ታሪኩን ከ1961 ስትጀምረው ፍርዱም አብሮ ይመጣልሃል። ከ1945 ጀምረው፤ ሌላ መልክ ታይበታለህ።

የቬትናም የነጻነት ንቅናቄ መሪ የነበሩት ኮሚኒስቱ ሆ ቺ ሚን ሴፕቴምበር 2 ቀን 1945 ሃኖይ አደባባይ ላይ ነጻነትን ሲያውጁ ንግግራቸውን የከፈቱት ከአሜሪካ የነጻነት አዋጅ በወሰዱት ቃል ነበር። ለፕሬዚዳንት ትሩማን ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ጻፉ፤ መልስ አልመጣላቸውም። አሜሪካ ቬትናምን ጠልታ አይደለም፤ የቬትናም ቅኝ ገዢ የነበረችውን ፈረንሳይን ለአውሮፓ ጉዳይ ስለምትፈልጋት ልታስቀይማት አልወደደችም። በ1949 ቻይና በኮሚኒስቶች እጅ ገባች። በጁን 1950 የኮሪያ ጦርነት ተነሣ። በዚያው ዓመት ለፈረንሳይ ጦር ገንዘብና መሣሪያ ይጎርፍ ጀመር፤ የፈረንሳይ ጦር ምሽግ ዲየን ቢየን ፉ በሜይ 1954 ሲወድቅ ከጦርነቱ ወጪ አብዛኛውን የምትከፍለው አሜሪካ ሆና ነበር። አገሪቱ በኮሚኒስቶች እጅ ባለው ሰሜንና በደቡብ ተከፍላ ፈረንሳይ ስትወጣ፣ በደቡቡ ባዶውን ወንበር የወረሰችውም እርሷ ናት። ቀጥሎ አማካሪ ላከች። ኬኔዲ ሥልጣን ሲይዙ አንድ ሺህ ያልሞላው የአማካሪ ቁጥር እሳቸው ሲገደሉ 16,000 ደርሷል። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል። በ1950 የእርዳታውን ወረቀት የፈረመው ሰው 1965ን በምን ያውቀዋል? «ገባች» የምትልበትን ቀን እስቲ አሳየኝ።

ሌላም አለ፤ ይህ ደግሞ እኛንም ይነካል። ትሩማን የኮሪያን ወረራ ሰምተው ከሚዙሪ ወደ ዋሽንግተን ሲበሩ በአሳባቸው የመጣውን በኋላ ጽፈውታል። ማንቹሪያ፣ ኢትዮጵያ፣ ኦስትሪያ ነው ያሉት። ይህን ያነበብሁ ዕለት መጽሐፉን አጥፌ ብዙ ቆየሁ። በ1936 ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ አቤት ሲሉ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ጆሮ አልሰጣቸውም። የዚያ ዘመን ሰዎች ከዚህ የተማሩት አንድ ነገር ነው፤ ደካማው ሲጠቃ ዝም ያለ፣ ነገ እሳቱ ደጁ ይደርሳል። የቃኘው ሻለቃ በ1951 ኮሪያ የዘመተው በዚሁ እምነት ነው። ጆንሰንም በጁላይ 1965 ተጨማሪ ጦር መላካቸውን ሲያስታውቁ ስለ ሂትለርና በ1938 ሙኒክ ላይ ስለተደረገለት ማባበያ አንሥተዋል። ስለዚህ ሰዎቹ ክፉ ወይም ሞኝ ስለነበሩ አይደለም። የትናንት ቁስላቸው እየመራቸው ነው የገቡት።

ተማሪ፣ ከደሴ፦

ስለ ጥቅም የሚያነሣ ሰው የለም? ጄኔራል የነበሩት ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ራሳቸው በጃንዋሪ 1961 የስንብት ንግግራቸው የጦር መሣሪያ ኢንዱስትሪውና የጦር ኃይሉ ጥምረት የሚያሳድረውን ተጽዕኖ ተጠንቀቁ ብለው ነበር። አውሮፕላንና ቦምብ የሚያመርት ሰው ጦርነት ይፈልጋል። እኔ ከዚህ የተወሳሰበ ምክንያት አይታየኝም።

ጥያቄ አቅራቢው፣ ከአዲስ አበባ፦

ወንድሜ፣ ከጦርነቱ ያተረፉ መኖራቸውን አልክድም። ነገር ግን አትራፊ መኖሩ ውሳኔውን ማን እንደወሰነ አይነግረንም። በማርች 1965 የመከላከያ ረዳት ሚኒስትሩ ጆን ማክኖተን ለአለቃቸው ለመከላከያ ሚኒስትሩ ለማክናማራ በጻፉት ማስታወሻ የአሜሪካን ዓላማ በመቶኛ ከፋፍለውት ነበር። 70 በመቶው ከሚያዋርድ ሽንፈት መዳን፣ 20 በመቶው አካባቢውን ከቻይና እጅ መጠበቅ፣ 10 በመቶው የደቡብ ቬትናም ሕዝብ የተሻለ ኑሮ እንዲያገኝ ማድረግ ነው ይላል። የሚታደጉት ሕዝብ ድርሻ አሥር በመቶ! ይህን ቁጥር ባሰብሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። ለክብር ሲባል የተላከው ልጅ እናቱን የተሰናበተው ሕዝብ ነጻ ላወጣ ነው ብሎ ነበር።

መምህር፣ እርስዎን ግን በአክብሮት እሞግትዎታለሁ። እንቁላሉ በእግሩ የሄደው ታቅፎ ያስፈለፈለው ስላለ ነው። ዲየን ቢየን ፉ ተከብቦ ሳለ ፈረንሳይ የአሜሪካን ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ለምናለች። የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዦች ሊቀ መንበር አድሚራል ራድፎርድ ደግፈውት ነበር። ኤፕሪል 3 ቀን 1954 የምክር ቤቱ መሪዎች ተጠርተው ሲጠየቁ፣ አጋር አገሮች ሳይኖሩ አይሆንም አሉ፤ እንግሊዝ እምቢ አለች፤ አይዘንሃወርም ተዉት። ከእነዚያ መሪዎች አንዱ ማን ነበር? ሴናተር ሊንደን ጆንሰን! እምቢ ማለት እንደሚቻልና እምቢ ያለ ፕሬዚዳንት እንደማይወድቅ በዓይናቸው አይተዋል።

በ1936ም አልስማማም። ሙሶሊኒ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ወራሪ ነበር። ቬትናም ውስጥ ባሕር ተሻግሮ የመጣው ማን ነው? መጀመሪያ ፈረንሳይ፣ ከዚያ አሜሪካ። የእኛ ታሪክ ለዚያ ጦርነት ምስክር ሆኖ መጠራቱ ራሱ ያመኛል።

የሕግ ባለሙያ፣ ከሐዋሳ፦

መምህር ቀኑን አሳዩኝ ብለዋል። እኔ ኦገስት 7 ቀን 1964 ነው እላለሁ።

ኦገስት 2 ቀን ማዶክስ የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ ቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ላይ መረጃ እየሰበሰበች ሳለ የሰሜን ቬትናም ጀልባዎች ጥቃት ሰነዘሩባት። ይህ እውነት ነው። ለሕዝብ ያልተነገረው ግን ከዚያ ጥቂት ሌሊቶች ቀደም ብሎ የደቡብ ቬትናም ኮማንዶዎች በአሜሪካ ዕቅድና ድጋፍ የሰሜኑን ደሴቶች ሲደበድቡ እንደነበር ነው። ኦገስት 4 ሌሊት ሁለተኛ ጥቃት ደረሰ ተባለ። ጨለማ፣ መጥፎ የአየር ጠባይ፣ የሚዋዥቅ ራዳር። በስፍራው የነበረው አዛዥ በዚያው ቀን ነገሩ አጠራጣሪ መሆኑንና እርምጃ ከመወሰዱ በፊት ሁሉም እንዲጣራ በቴሌግራም አሳወቀ። አልተጠበቀም። ጆንሰን በዚያው ሌሊት በቴሌቪዥን ቀርበው የአጸፋ ድብደባ ማዘዛቸውን ተናገሩ። ከሦስት ቀን በኋላ የተወካዮች ምክር ቤት በ416 ድምፅ ያለ አንድ ተቃውሞ፣ ሴኔቱ በ88 ለ2 ፕሬዚዳንቱ አስፈላጊውን እርምጃ ሁሉ እንዲወስዱ ፈቀዱ። ሁለተኛው ጥቃት ጨርሶ እንዳልነበረ ዛሬ ግልጽ ነው። ማክናማራ በ1995 ሃኖይ ሄደው በጦርነቱ ጊዜ የሰሜን ቬትናም ጦር መሪ የነበሩትን ጄኔራል ዢያፕን ሲጠይቋቸው ያገኙት መልስም ይኸው ነው።

በሙያዬ የሚያስቆጣኝ ውሸቱ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ጦርነት የማወጅን ሥልጣን ለምክር ቤቱ የሰጠው አንድ ሰው ብቻውን እንዳይወስን ነው። ምክር ቤቱ ግን ያንን ሥልጣን ባልተጻፈበት ቼክ ላይ ፈርሞ አስረከበ። በቬትናም ላይ ጦርነት አልታወጀም፤ እስከ መጨረሻው! «ተስባ ገባች» የምትሉ ወገኖቼ፣ ይህንን ወረቀት ማን ሳበው? ተረቅቆ፣ ተመክሮበት፣ ድምፅ ተሰጥቶበት ነው የወጣው።

የታሪክ መምህሩ፣ ከጎንደር፦

ልጄ፣ ስለ ቶንኪን የጻፍሽውን እቀበላለሁ፤ ለዚያ ማስተባበያ የለኝም። ጥያቄ አቅራቢውም ስለ 1954 ያነሣው ከባድ ነው።

ሆኖም ፍርሃትን አቅልላችሁ አትዩት። «ቻይናን ማን አሳልፎ ሰጠ?» የሚለው ክስ የትሩማንን ፓርቲ ምን እንዳደረገው ጆንሰን አይተዋል። በ1965 የበጋ ወራት በእጃቸው የነበረው ሥራ ቀላል አልነበረም። ለአረጋውያን የሕክምና መድን የሚሰጠው ሕግ ጁላይ 30 ተፈረመ፤ የጥቁሮችን የመምረጥ መብት የሚያስከብረው ኦገስት 6። ጦሩን ወደ 125,000 ማሳደጋቸውን ያስታወቁት በጁላይ 28 ነው። ቀኖቹን አስተያዩአቸው። ቬትናም ብትወድቅ ተቃዋሚዎቻቸው ይህን ሁሉ ያከሽፉብኛል ብለው ፈሩ። የነብርን ጅራት አይዙም፤ ከያዙም አይለቁም። ጅራቱ የተያዘው ደግሞ በኖቬምበር 1963 ነው፤ ዋሽንግተን እያወቀች የደቡብ ቬትናም ፕሬዚዳንት ዲየም በራሳቸው ጄኔራሎች ተገልብጠው ሲገደሉ። ከዚያ ወዲያ በደቡቡ ዋና ከተማ በሳይጎን መንግሥት በየጥቂት ወሩ ይገለበጥ ነበር፤ ለዚያ ቤት ኃላፊ የሆነችው አሜሪካ ነበረች።

ጥያቄ አቅራቢው፣ ከአዲስ አበባ፦

መምህር፣ ስለ ፍርሃቱ የጻፉት ልቤን ነክቶታል። ድሀ ሽማግሌዎችን የሚያሳክም ሕግ ለማዳን ሲሉ የድሀ ልጆችን ወደ ጦርነት መላክ እንዴት ያለ ሒሳብ ነው?

ነገር ግን ፍርሃቱም ቢሆን ተመርምሮ መልስ ተሰጥቶበት ነበር። በኖቬምበር 1964 ጆንሰን ከመራጩ ሕዝብ 61 በመቶ ድምፅ አግኝተው ነው ያሸነፉት። ምክትላቸው ሂዩበርት ሃምፍሪ በፌብሩዋሪ 1965 ረዘም ያለ ማስታወሻ ጻፉላቸው፤ ከቬትናም ለመላቀቅ ከዚህ ዓመት የተሻለ፣ ፖለቲካዊ አደጋውም ያነሰ ጊዜ አይገኝም የሚል። ይህን የጻፉት ጠላት አይደሉም፤ የገዛ ምክትላቸው ናቸው። ያገኙት ምላሽ ስለ ቬትናም ከሚመከርበት ክፍል መገለል ነው።

ተማሪ፣ ከደሴ፦

የማክኖተንን ማስታወሻ አላውቀውም ነበር፤ አሳቤን እንደገና አስብበታለሁ። ታዲያ እምቢ ያሉት እነዚያ ሁለት ሴናተሮች ምን ሆኑ?

የሕግ ባለሙያ፣ ከሐዋሳ፦

ዌይን ሞርስ ከኦሬገንና ኧርነስት ግሩኒንግ ከአላስካ ናቸው። ሁለቱም በ1968 ወንበራቸውን አጡ።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦

ክርክራችሁን ከመጀመሪያው ተከታትያለሁ። አንድ ነገር ጎደለብኝ። ስለ ዋሽንግተን ብቻ ነው የምታወሩት። እኔ በምኖርበት አካባቢ ከ1975 በኋላ ብዙ ቬትናማውያን ሰፍረዋል፤ ፎልስ ቸርች ያለው ገበያቸው ላይ ዛሬም የወደቀችው የደቡብ ቬትናም ባንዲራ ይውለበለባል። ከእነርሱ ጋር ሳወራ «አሜሪካ ለምን ገባች» የሚለውን ጥያቄ በሌላ መንገድ ነው የሚያነሡት። እኛን ማን ጠየቀን ይላሉ።

እውነታቸውን ነው። ማርች 8 ቀን 1965 ወታደሮቹ ዳናንግ ሲወርዱ የሳይጎን መንግሥት አስቀድሞ በወጉ አልተማከረም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አንድ ረዳታቸውን በጠዋት አስጠርተው፣ ወታደሮቹ ባሕሩ ዳር ደርሰው ሳለ፣ መንግሥት መስማማቱን የሚገልጽ መግለጫ በጥድፊያ አስጻፉት። ተጋብዛ መጣች የተባለችው እንግዳ ደጃፉን አልፋ ከገባች በኋላ ነው የግብዣው ደብዳቤ የተጻፈው። በ1956 መላው ቬትናም እንዲመርጥ በ1954ቱ የጄኔቭ የሰላም ስምምነት የተወሰነው ምርጫም እንዲሁ ሳይካሄድ ቀርቷል። ስለዚህ እኔ ከጥያቄ አቅራቢው ጋር ነኝ፤ ነገር ግን የወሰኑት ሰዎች ለራሳቸው ሕዝብ ብቻ እንዳልሆነ ጨምሩበት።

መምህር፣ «ቀኑን አሳዩኝ» ያሉት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። እዚህ ዋሽንግተን ከ58,000 በላይ ስም የተቀረጸበት ጥቁር የድንጋይ ግንብ አለ። የቬትናማውያኑ ሟቾች በሚሊዮን ይቆጠራሉ፤ ለእነርሱ የሚበቃ ግንብ የት ይገኛል? ስሞቹ በሞቱበት ቀን ቅደም ተከተል ነው የተጻፉት። መጀመሪያው መካከል ላይ ካለው ማእዘን ነው፤ ከ1959። የመጀመሪያው ሰሌዳ የበርካታ ዓመታትን ሟቾች ለብቻው ይይዛል፤ በ1968 ግን አንድ ሰሌዳ ለመሙላት ጥቂት ቀናት ይበቁ ነበር። በእረፍት ቀኔ ስሄድ የምቆመው ከመጀመሪያው ሰሌዳ ፊት ነው። እዚያ ላይ የተጻፉት ሰዎች ሲሞቱ ፕሬዚዳንቱም፣ ምክር ቤቱም፣ ጋዜጣውም አብዛኞቹን «አማካሪ» ይሏቸው ነበር።